ምንጣፉን መልሳችሁ ከማንጠፋችሁ በፊት

ጅቡቲ ከተማ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ቤት ድረስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 ደረቁ የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። በኖቬምበር 2019ም ከተማዋ ተጥለቅልቃ ነበር። ውሃው ሲጎድል ግን ችግሩ አላለቀም፤ እርጥብ ቤት ሕፃናትን ያሳምማል።

መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን እንዳትነኩት። ውሃውን በጆግ እየቀዳችሁ፣ በመጥረጊያ እየገፋችሁ አስወጡ። ምንጣፉን ለሁለት ሆናችሁ ተሸከሙት፤ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ወገብ ይሰብራል። በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ እየረገጣችሁ ጭመቁት፣ ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ሻጋታ በአንድ ሁለት ቀን ይጀምራልና ነገ አትበሉ። የፍሳሽ ውሃ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ ግን ቢያሳዝንም ይጣል፤ ውስጡ አይጠራም።

ወለሉንና ግድግዳውን በሳሙና፣ ቀጥሎም በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ጭሱ ይመርዛል። በርና መስኮት ክፈቱ።

ላዩ የደረቀ ወለል ያታልላል። ማታ ላስቲክ አንጥፉና ጠርዙን በድንጋይ ጫኑት። ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ካያችሁ ገና ነው፤ ልጆቹን ጎረቤት አስተኙ። ብቻቸውን ላሉ አዛውንትም ጎራ በሉላቸው።