ሾፌሩ የት አደረ?

ሰሜን ተራሮችን አይቶ የተመለሰ ሰው የሚያሳያችሁ ፎቶ ይታወቃል። ጭላዳ አለ፤ ዕድል ከቀናው ዋልያ አለ፤ ክላሽ ያነገተ ስካውት አለ፤ አስጎብኚው ጎኑ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ሾፌሩ ግን የለም። ፎቶውን ያነሳው እሱ ነዋ! እስቲ ባለፎቶውን “ሾፌሩስ ማታ የት አደረ?” ብላችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ “እኔ እንጃ” ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ ከውጭ ከመጡ የአክስቴ ልጆች ጋር ወደ ደባርቅ ልንወጣ አሰብን። የጠየቅነው ሰው ሁሉ አንድ ምክር ነበረው፦ “የአገሩን ሾፌር ያዙ።” ምክሩ ትክክል ነው። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ማንም ይነዳዋል። ከደባርቅ ወዲያ ግን ጠጠር መንገድ ነው፤ ጉም አለ፣ ገደል አለ፣ ከጨነቅ በላይ ወደ ቧሂት ሲወጣ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዝናብ ሲጥል መኪና የሚንሸራተትበትን፣ ማታ ከብት መንገድ የሚያቋርጥበትን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በደላላ በኩል አንድ ላንድ ክሩዘር ኮንትራት ያዝን። ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ፣ የደባርቅ ሰው ነበሩ።

ከጨነቅ ስንመለስ፣ ሳንቃ በር ከመድረሳችን በፊት፣ አንድ ገበሬ ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልጅ በነጠላ አዝሎ መንገድ ዳር ቆሟል። እጁን ዘረጋ። የልጁ ጭንቅላት ወደ አንድ ጎን ተንጋሏል። ጋሼ ሾፌሩ ፍሬን ያዝ አደረጉና በመስታወቱ አዩኝ። “ወንድሜ፣ እናንሳቸው ይሆን?” አሉ። ከኋላ ሁለት ባዶ ወንበር ነበር። የአክስቴ ልጅ “ኮንትራት አይደለም እንዴ የያዝነው?” አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ መልስ ሆነ፤ መኪናው አለፈ።

ደባርቅ እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስንወርድ ብቻ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ እንዲህ አሉኝ፦ “ሰውየው የባለቤቴ አገር ሰው ነው። እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ። እኔ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ “የአገሩን ሾፌር ያዙ” የሚለውን ምክር ስሰማ ይጎረብጠኛል። የምንፈልገው ግማሹን ሰው ነው። መንገዱን ማወቁን እንፈልጋለን፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ከየመንደሩ ሮጦ የሚመጣለት ሰው መኖሩን እንፈልጋለን። ያው ሰው መንገድ ላይ እጁን ሲዘረጋ ግን ሾፌሩ እንዳያውቀው እንሻለን። አገሬነቱን ተከራይተን፣ በገዛ አገሩ ባዳ እንዲሆን እናዘዋለን።

ወደ ማደሪያው ልመለስ። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። እኛ ድንኳንና የተከራየነው ወፍራም የመኝታ ከረጢት ነበረን። ጋሼ በጋቢ ተጠቅልለው መኪናው ውስጥ፣ መሪው ሥር ታጥፈው አደሩ። ጠዋት መስታወቱ በረዶ ሠርቶ ሳይ ደንግጬ ጠየቅኳቸው። “ለምደነዋል” አሉ። ለምደነዋል ማለት ተመችቶናል ማለት አይደለም፤ የሚጠይቀን አጥተናል ማለት ነው። ውላችን ላይ “ሾፌሩ ራሱን ይችላል” ተብሎ ነበር፤ ሲባል ሰምቼ ራሴን ነቅንቄአለሁ።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ አይለይም። ደባርቅ ላይ አስጎብኚውም፣ ስካውቱም፣ ባለበቅሎውም የታወቀ የቀን ሒሳብና ተራ አላቸው። የሾፌሩ በአፍ ነው፤ በአፍም ከደላላው ጋር እንጂ ከሱ ጋር አይደለም። መጨረሻ ላይ ጋሼን በግልጽ ስጠይቃቸው፣ እኛ ከከፈልነው ሲሶው እጃቸው አልደረሰም። ደላላ አይብላ አልልም፤ ደንበኛ አምጥቷል። የምጠላው መደባበቁን ነው።

“አንተ ደግሞ! ስንቱ ሾፌር ነው ዳያስፖራ ሲያይ ዋጋ እጥፍ የሚያደርገው” የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ጎማው ተልጦ ተራራ የሚወጣም አለ። ግን መድኃኒቱ ያው ነው፦ ዋጋው ተጽፎ፣ ከአስጎብኚውና ከበቅሎው ዋጋ ጎን ይለጠፍ። የተጻፈ ዋጋ እንግዳውንም ሾፌሩንም ይጠብቃል።

“ከፍያለሁ፣ መኪናው የኔ ነው” ለሚለኝም መልስ አለኝ። መኪናው ለሁለት ቀን ያንተ ነው፤ መንገዱ ግን የነሱ ነው። ከደባርቅ ፓርኩን ሰንጥቆ መካነ ብርሃን የሚወርደው መንገድ የጃናሞራ ሰው ገበያ የሚወጣበት፣ በሽተኛ የሚያወርድበት ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመዘገበ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመሐሉ ሲያነጋግር ከኖረው አንዱ ይኸው መንገድ ነበር። የግጭ ሰዎችም በ2016 ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። እኛ ዕይታው እንዲያምርልን ከቤቱ የተነሳ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ሁለት ባዶ ወንበር ነፈግን።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ኮሮና መጣ። ጦርነቱ ተከተለ፤ በ2013 ማብቂያ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት። እንግዳ ሲጠፋ መኪና ይቆማል፤ የቆመ መኪና ግን ጎማና ባትሪ መብላቱን አይተውም።

ሰላም ሲሆን ተመልሰን እንወጣለን። ያኔ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሾፌሩን ራሱን አግኝተን አራት ነገር እንነጋገር። ማታ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ፤ ቆሞ የሚጠብቅበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብ፤ ጉርሻው በደላላ ሳይሆን በእጁ እንደሚሰጠው፤ መንገድ ላይ በሽተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ቢያገኝ ደግሞ እኛን ሳያስፈቅድ እንዲያቆም። የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ግን ያን ቀን አልነበረኝም።

ልጁ ይዳን አይዳን አላውቅም። ጋሼ ያውቃሉ፤ ገበያ ላይ ሰውየውን አግኝተውታል።