ጂቱን ዘግቶ «ሠራ» ማለት

ይህችን ጽሑፍ የጻፍኳት በተለይ ለሶፍትዌርና ለኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ነው። ሌሎቻችሁም እስከ ሱብሒ ከላፕቶፑ ጋር የሚከራከር የዶርም ጓደኛ አይጠፋችሁምና አንብቧት።

ባለፈው ሴሚስተር የቡድን ፕሮጀክታችን በጃቫ ነበር። አንዱ ትሬድ «አቁም» የሚለው ቡሊያን እስኪቀየር በዋይል ሉፕ ይዞራል፤ ሌላው ትሬድ ይቀይረዋል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ፕሮግራሙ አልቆም አለ። ሉፑ ውስጥ ፕሪንት ስናስገባ ይቆማል፣ ስናወጣው መልሶ ይጣበቃል። አንዱ ልጅ «ኤክስ ኢንት» በሚለው አማራጭ ጂት ኮምፓይለሩን ዘግቶ አስነሳው፤ ሠራ! «የጃቫ ችግር ነው» ብለን ልናስረክብ ነበር።

ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ቨርቹዋል ማሽኑ ኮዱን መጀመሪያ በኢንተርፕሪተር ያስኬዳል፤ ሉፑ በጣም ሲደጋገም ወደ ማሽን ኮድ ይቀይረዋል። ያኔ «ይህን ቫሪያብል ሉፑ ውስጥ የሚቀይረው የለም» ብሎ ንባቡን ከሉፑ ውጭ ያወጣዋል። አንዴ አንብቦ ለዘላለም ይዞራል። ቮላታይል እስካላልን ድረስ የጃቫ ሜሞሪ ሞዴል ይህን ይፈቅድለታል። ፕሪንቱ ያዳነን በውስጡ ሎክ ስለሚይዝ ነው።

የባሰው ደግሞ ብሬክፖይንት ነው። ሆትስፖት ብሬክፖይንት ያለበትን ሜተድ ወደ ኢንተርፕሪተር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ልታዩት ስትሉ ስህተቱ ይጠፋል። (እኛ ሁለት ሌሊት ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው።)

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጂቱን መዝጋት መመርመሪያ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ሲዘጋ የጠፋ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ኮዳችን ውስጥ የተደበቀ ነው፤ የኮምፓይለር ስህተት ቢኖርም በመጨረሻ የሚጠረጠር ነው። «ፕሪንት ኮምፒሌሽን» የትኛው ሜተድ መቼ እንደተቀየረ ያሳያል። «ፕሪንት አሴምብሊ» ደግሞ ኤችኤስዲስ የሚባለው ላይብረሪ ሲጨመርበት የወጣውን ኮድ ራሱን ያሳያል። በኤልኤልቪኤም የምትሠሩ ደግሞ፣ ጂዲቢ ከ7.0 (2009) ጀምሮ በጂት የመነጨ ኮድን ስምና መስመር የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ካላስመዘገባችሁለት ባክትሬሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

«አሴምብሊ ለሥራ ቅጥር ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እኛን ያዳነን አንድ ቃል መጨመር ነበር፤ የት እንደሚጨመር ያወቅነው ግን የወጣውን ኮድ አይተን ነው። አብሮኝ ማየት የሚፈልግ ካለ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ላብ ውስጥ ነኝ፤ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ።