200 ሚሊዮን ፒክስልና የብርሃን ወሰን

ተማሪዎቻችን ስለ አዳዲስ ስልኮች ሲከራከሩ ስንሰማ፣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይቋጫል፤ የማንኛው ካሜራ ሜጋፒክስል ይበልጣል? ባለትልቁ ቁጥር አሸናፊ ይሆናል። እኛ ግን ቁጥሩ ከመደነቁ በፊት ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ያቀረበውን ጋላክሲ ኤስ23 አልትራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዋናው ካሜራ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ 200 ሚሊዮን ጥቃቅን ካሬዎች፣ ማለትም ፒክስሎች አሉት። የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 0.6 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ ይህም ከብርቱካናማ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር የሚስተካከል ነው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ወሰን ታበጃለች። ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ይሰራጫል፤ ዲፍራክሽን የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የአንዲት ኮከብ ብርሃን እንከን በሌለው ሌንስ ቢያልፍ እንኳ ሰሌዳው ላይ ትንሽ ክብ ይሠራል። የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል በዚህ ስልክ 1.7 ይሆናል። የክቡን ዲያሜትር ለማግኘት ይህን ቁጥር በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና በ2.44 እናባዛለን፤ የሞገድ ርዝመቱ 0.55 ማይክሮሜትር ለሆነው አረንጓዴ ብርሃን ውጤቱ 2.3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የአንዲት ኮከብ ምስል በወርድም በቁመትም አራት ያህል ፒክስሎችን ይሸፍናል ማለት ነው።

የስልኩ ሠሪዎች ይህን አይስቱትም። ሶፍትዌሩ በተለመደው አሠራር 16 ፒክስሎችን፣ አራት በአራት አድርጎ፣ እንደ አንድ ይቆጥርና 12 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ያለው ፎቶግራፍ ይሰጣል። የተጣመረው ፒክስል ጎን 2.4 ማይክሮሜትር ነው፤ ከላይ ካሰላነው ጋር አነጻጽሩት። ትንንሾቹ ፒክስሎች ዋጋ የላቸውም አንልም፤ ብርሃን በበዛበት ሥፍራ ሩቁን አቅርቦ ለማንሣት ይረዳሉ። ይሁን እንጂ በማስታወቂያው የሚነበበው ቁጥር ሰሙ ነው፤ ወርቁ የሌንሱ ጥራት፣ የሰሌዳው ስፋትና የሶፍትዌሩ ብልሃት ተባብረው የሚሰጡት ውጤት ነው።

ይህን ሁሉ ለመረዳት ያስፈለገን አንድ መስመር የማባዛት ስሌት ብቻ ነበር። በክፍል የምናስተምረው የብርሃን ትምህርት ለፈተና ተሸምድዶ ከቀረ፣ ተማሪው ቤተሰቡ የቆጠበውን ገንዘብ ለማይጠቀምበት ቁጥር ይከፍላል፤ ለዚህም ተጠያቂዎቹ በቅድሚያ እኛ መምህራኑ ነን። ውድ አንባቢያን፣ ወደፊት ትልቅ ቁጥር ሲነገራችሁ እርሳስ አንሡና አስሉ።