ከምረቃው በኋላ ጠጋኙ ማን ነው?



ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ወርጄ ነበር። በመንደራችን መካከል አንድ የእጅ ፓምፕ ቆሟል። በተመረቀበት ዕለት ሪባን ተቆርጦለት፣ በሬ ታርዶለት፣ እልልታው ከማዶ ተሰምቶለት ነበር። ዛሬ ፍየል ይታሰርበታል። ታናሽ እኅቴም 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለት 20 ኪሎ፣ በጀርባዋ አዝላ ከብቶች ከሚጠጡበት ወንዝ ትቀዳለች።

ምን ነካው ብዬ ብጠይቅ፣ ከውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት አልቃ ነው አሉኝ። ጎማዋን የሚሸጥ ሱቅ በአቅራቢያው የለም፤ ፈትቶ የሚገጥም ሰው የለም፤ ለጥገና የተቀመጠ ሳንቲምም የለም። እንግዲህ መንደሩን ያስጠማው የውኃ እጦት ነውን? አይደለም። ውኃው ከእግሩ በታች አለ።

አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲነደፍ፣ የመንደር ሰው በጥቂት መፍቻ ራሱ ከፍቶ ጎማውን እንዲለውጥ ታስቦ ነበር። ነዳፊዎቹ ገበሬውን አምነውታል፤ እኛ ግን መፍቻውን አልሰጠነውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የእጅ ፓምፕ ጊዜው አልፏል፤ መፍትሔው ፀሐይ ነው» ይላሉ። እኔም ፀሐይን አልጠላም። ነዳጅ አይገዛላትም፤ ቀን ውኃውን ወደ ጋኑ ታወጣለች፤ ሌሊት በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። የፀሐይ ሰሌዳው ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ሞተሩና መቆጣጠሪያው ያን ያህል አይቆዩም፤ ሲበላሹም እንደ ጎማ ቀለበት በቀላሉ አይለወጡም። መሣሪያው በረቀቀ መጠን ጠጋኝ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«ድኻ ስለምን ለውኃ ይከፍላል? የመንግሥት ዕዳ አይደለምን?» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ንጹሕ ውኃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን አውቋል። ጉድጓድ መቆፈርና መለዋወጫ በወረዳው እንዲገኝ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ ነው። ዳሩ ግን መብት ብቻውን ጎማ አይለውጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በየወሩ ጥቂት ብር ያዋጣ መንደር ፓምፑን የራሱ ያደርገዋል።

የእኛስ ድርሻ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገልግሎት ስም ወደ ገጠር ሄደው ያስተምሩ ነበር። እኛ ግን በየክረምቱ ወደ ቤታችን ሄደን እንጀራ በልተን እንመለሳለን።

ስለዚህ ማኅበራችን የምህንድስና ተማሪዎችን አስተባብሮ፣ ከክረምት ዕረፍት በፊት ፓምፕ መፍታትና መግጠም እንዲያስተምሩን አሳስባለሁ። እያንዳንዳችንም በመንደራችን ሁለት ሰው እናሠልጥን፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ እጀታው መላላቱን ቀድማ የምታውቀው ቀጂዋ ናትና።

ሪባን ቆራጭ ሞልቶናል። መፍቻ የሚይዝ እጅ ግን ከእኛ ይጠበቃል።