ማጫወቻው ለቆራሌ፣ ሸክላው ለማን?

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በሰፈር ሲያልፍ፣ በየቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣው የሸክላ ማጫወቻ ዕጣ ይወሰናል። አባት «ይጠገናል» ይላሉ። ልጅ «ይሄ ድሮ ቀረ፣ አዲስ ይገዛል» ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ልጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተውም እሱ ነው።

ስህተቱ ማጫወቻን እንደ ስልክ ማየት ነው። ስልክ ሲያረጅ አዲሱ ይበልጠዋል። የሸክላ ማጫወቻ ግን ዛሬም ሞተር፣ ተሽከርካሪ ሳህን፣ ክንድና መርፌ ነው። የጃፓኑ ቴክኒክስ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ኤስኤል-1200 ማምረት በ2010 ቢያቆምም፣ በ2016 እዚያው ስም ላይ ተመልሶ መጥቷል። አምራቹ ራሱ የተመለሰበትን ዕቃ «ጊዜ አልፎበታል» ብሎ በኪሎ መሸጥ ዘመናዊነት አይደለም።

ለመሆኑ «ተበላሽቷል» የሚባለው ምኑ ነው? ሳህኑ ካልዞረ ወይም ዘፈኑ ከተጎተተ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ቺንጋው ነው፤ ጎማ ሲያረጅ ይላላል፣ አንዳንዴም እንደ ሙጫ ይቀልጣል። ድምፁ ከሻከረ መርፌው አልቋል። በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ሽቦው ወይም ብየዳው ለቋል። ፍጥነት መቀየሪያው ከተጣበቀ የደረቀ ግራሶ ይዞት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጸዱ ወይም የሚቀየሩ ናቸው። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ዕቃ የለውም» የሚል ጠጋኝ የተናገረው ስለ ማጫወቻው ሳይሆን ስለ ራሱ ስንፍና ነው።

በምትኩ የሚገዛው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሻንጣ መልክ የተሠራ፣ ድምፅ ማጉያው አብሮት ያለ ርካሽ ማጫወቻ ነው። ደህና ማጫወቻ መርፌውን ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው በ2 ግራም አካባቢ ክብደት ነው። ብዙዎቹ ርካሾች የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጫናሉ፤ ማስተካከያም የላቸውም። በከባድ ክንድ ላይ ያለ ሻካራ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው።

«ከአሜሪካ ዘመድ ይልክልናል» የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ብቻ ሳይሆን 50 ሄርዝም ነው፤ የአሜሪካው 60 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ የድሮ ሞተር ከዚያ ሲመጣ በደቂቃ 45 ዙር የነበረው 37 ተኩል ይሆናል። 6 በመቶ ያህል ዝግታ ብቻ ዜማን በግማሽ ድምፅ ያወርዳል፤ ይህ ደግሞ ወደ 17 በመቶ የሚጠጋ ነው። ቅኝቱ ሁሉ ይወርዳል፣ ዘፋኙም የታመመ ይመስላል።

ጉዳዩ የዕቃ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላከራከረ። አገር ፍቅር ማኅበር የሸክላ ሥራን በብቸኝነት በያዘበት ዘመን፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረው አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ክልከላውን ደፍሮ ማሳተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ካይፋም የራሱን አሳተመ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን አበቃ። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች የውጭ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ያድናሉ፤ በባለቤቶቹ ቤት ግን ማጫወቻው ለቆራሌ ይሰጥና ሸክላው የሚያሰማው አጥቶ አልጋ ሥር ይጣመማል።

ጥገና ግን ሃይማኖት አይደለም። ሞተሩ የተቃጠለ፣ ክንዱ የተጣመመ ወይም የሳህኑ መሽከርከሪያ ተበልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ምትክ ክፍልም ከሌለ፣ ይቀየር። ሲቀየር ግን ክብደቱ የሚስተካከል ክንድና መርፌው ለብቻው የሚለወጥ ማጫወቻ ይገዛ። ከበጀት በላይ ከሆነ ደህና አሮጌ ገዝቶ ማስጠገን ከአዲስ መናኛ ይሻላል። የተቀየረውም አይጣል፤ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

ልጅ አባቱን ከመርታቱ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ መሰኪያውን ነቅሎ ሳህኑን ያንሳና ሥሩን ይይ። ምናልባት የአገሩን ድምፅ ለቆራሌ ሊያሸጠው የነበረው አንዲት የላላች ጎማ ትሆናለች።