ወለሉ የማን ነው?

ለቅዳሜና እሑድ የስዊንግ ዳንስ መሰባሰቢያ አዳራሽ ሲፈለግ የሚያይ ሰው፣ ነገሩን የኪራይና የቁልፍ ጉዳይ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች የዚህ ዳንስ ወዳጆች ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ነገ በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ ከነገ ወዲያ በሆቴል ሳሎን ይገናኛሉ። «ዳንስ እግር እንጂ ቤት አይሻም» የሚሉም አሉ። ይህ አስተያየት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። የሕዝብ ጭፈራ ያለ ወለል አያድግም፤ ወለሉ በሌላ እጅ ሲሆን ዕድሜውም በሌላ እጅ ነው።

ለዚህ የስዊንግ የራሱ ታሪክ ምስክር ነው። ሊንዲ ሆፕ የተባለው ዳንስ ያበበው በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1926 በተከፈተው የሳቮይ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ በሌኖክስ ጎዳና ከ140ኛው እስከ 141ኛው መንገድ ይዘረጋ ነበር። ሁለት የሙዚቃ መድረክ ስለነበረው አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀበለዋል፤ የእንጨቱ ወለል ከእግር ብዛት እያለቀ በየጊዜው ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የቺክ ዌብና የቤኒ ጉድማን ባንዶች የተፋለሙት በዚሁ ቤት ነው። ፍራንኪ ማኒንግ ዳንሰኛን ወደ አየር የሚያነሣውን እርምጃ ያሳየው በዚያ ወለል ላይ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ጠባብ ቤት እንዲህ ያለ ፈጠራ አይታሰብም። ከሁሉ በላይ፣ በዚያው በሃርለም የነበረው የኮተን ክለብ ጥቁሩን ከያኒ መድረክ ላይ አውጥቶ ጥቁሩን ተመልካች ከበር ሲመልስ፣ በሳቮይ ጥቁሩና ነጩ በአንድ ወለል ላይ ይደንሱ ነበር።

ይህን ቤት ያዳከመው ምንድን ነው? የጊዜው ጣዕም መለወጡ አይካድም። ይሁንና የሥልጣንንም እጅ መሸፋፈን አይገባም። ሳቮይ በተከፈተበት ዓመት የወጣው የኒው ዮርክ የካባሬ ሕግ፣ ምግብና መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ለማስደነስ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1943 ባለሥልጣናት ሳቮይን በሥነ ምግባር ሰበብ ዘጉት፤ እስከ ጥቅምት ድረስ አልተከፈተም። በ1944 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያስደንሱና በሚያዘፍኑ መጠጥ ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ ብዙ ሳይቆይ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ቁጭ ብሎ የመሣሪያ ሙዚቃ ብቻ የሚያዳምጥ ግን ከግብሩ ነፃ ነበር። ወንበር ሳይቀረጥ እግር ተቀረጠ! በመጨረሻም ሳቮይ እ.ኤ.አ. በ1958 ተዘጋ፤ በማግሥቱ ዓመትም ፈርሶ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩበት። ማኒንግም ከሠላሳ ዓመት በላይ በፖስታ ቤት ሠራተኝነት ኖረ።

«መጠለያ ከዳንስ አይቀድምምን?» የሚል ጠንካራ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። መጠለያ ይቀድማል፤ ይህን የሚክድ የሕዝብ ወዳጅ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው መኝታ ወይስ ጭፈራ የሚል አልነበረም። ለሕዝቡ መኝታ ሰጥቶ መገናኛውን የሚነሣ ፕላን፣ ሰውን የሚያየው ከሥራ ሲመለስ እንደሚያርፍ ጉልበት ብቻ ነው።

በስዊድን ሄሬንግ በምትባል የቀድሞ የማዕድን መንደር የተገኘው መልስ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረው የበጋ የዳንስ ሰፈር ማዕከል ያደረገው የመንደሩን «የሕዝብ ቤት» ነው። እነዚህ የሕዝብ ቤቶች በስዊድን የሠራተኛው ንቅናቄ ለስብሰባውና ለመዝናኛው ያቆማቸው ናቸው። ማኒንግ በስተርጅናው ጥበቡን ለአዲስ ትውልድ ካስተማረባቸው ስፍራዎች አንዱም ይኸው ነው። በሃርለም ቤት ያጣው ዳንስ በባዕድ አገር ሠራተኞች ወለል ላይ ዳግመኛ ቆመ።

ከዚህ ኢትዮጵያውያን የሚማሩት አለ። የገጠሩ ሰው እስክስታውን የሚወርድበት ሜዳና የሠርግ ዳስ ነበረው፤ ሲጨፍር ፈቃድ የሚጠይቀው አልነበረም። ከተሜው ግን በር የሚዘጋበት ቤት ውስጥ ይጨፍራል። በአዲስ አበባ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የተጣለው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት ለዓመታት እንዴት እንዳደበዘዘው ያየ፣ በር መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ባህል ማበብ የሚናገር ካድሬ፣ መምህርና ከያኒ ከመፈክሩ አስቀድሞ አንድ ነገር ይመልስ፦ የቀበሌው አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከሉ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቁልፍ ቅዳሜ ማታ በማን ኪስ ውስጥ ነው? ቁልፉ ከተጨፋሪዎቹ ኮሚቴ እጅ ይግባ፤ በሲሚንቶው ላይ እንጨት ይነጠፍ፤ ቀኑ የታወቀ፣ በበላይ ትእዛዝ የማይሰረዝ ይሁን። ያን ጊዜ ስለ ሕዝብ ኪነት መናገር ትርጉም ይኖረዋል። ወለል የነፈጉትን ሕዝብ «ለምን አትጨፍርም?» ብሎ መውቀስ ግን፣ እግሩን አስሮ «ሩጥ» እንደማለት ነው።