የቃላት ምንጭ፤ «ባትል»፣ ድብድብና የእጅ ባትሪ

«ባትል» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ተማሪ «ውጊያ» የሚል ፍች ያገኛል። ፍቹ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሁለቱ ቃላት ዘር ለየቅል ነው።

«ባትል» በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ «ባቱዌሬ» የሚል የሮማይስጥ፣ ማለት የላቲን፣ ግስ ነው፤ ትርጓሜውም መታ፣ ደበደበ ነው። እንግዲህ በዘር የሚቀርበው ለእኛ «ድብድብ» ነው። «ውጊያ» ግን «ወጋ» ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ፣ በጦር መወጋጋትን ያሳስባል።

ከዚያው ከላቲኑ ግስ «ባታሊዮን» የሚባለው ሻለቃ ጦርና «ባተሪ» የሚባለው የመድፎች ጓድ ስማቸውን አግኝተዋል። መድፍ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት ደጋ በኩል ነበር።

በ1749 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ብዙ መስተዋቶችን በአንድነት አያይዞ፣ ነገሩ አብረው እንደሚተኩሱ መድፎች ስለ ሆነ «ባተሪ» አለው። ስለዚህ ዛሬ በስማዳ ቈላ በጨለማ መንገዱን በእጅ ባትሪ የሚያበራ ገበሬ፣ ሳያውቀው የመድፈኞችን ቃል ይዞ ይሄዳል።

የእኛም ቃላት እንዲሁ ከቦታቸው ይነሣሉ። በግዕዝ «ጸብእ» ጦርነት ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ጠብ» ግን ዛሬ የሁለት ጎረቤቶች መቀያየም ሊሆን ይችላል። «ሰልፍ»ም ቀድሞ ጦርነት ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ተራውን ለመጠበቅ ይሰለፋል።

ይህ ዕውቀት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ «ፋይት» በሚል አንድ ቃል መጣላትንም፣ መደባደብንም፣ መዋጋትንም ይናገራል፤ አማርኛ ግን ይለያያቸዋል። በእስቴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ወጣት ጸሐፊ፣ በድንበር ምክንያት በዱላ የተማቱትን ሁለት ሰዎች «ተዋጉ» ብሎ ቢጽፍ፣ የበላዩ መሥሪያ ቤት ጦር የተነሣ ይመስለዋል። በጥይት የቈሰለ ሰው ሳለ «ተጣሉ» ብሎ ቢያልፍ ደግሞ፣ የተበደለው ሰው ፍርድ ያጣል። ዳኛው በቦታው አልነበረምና፣ የሚያየው ጸሐፊው በመረጠው ቃል ነው።